ምዕራፍ ሰባት፦ ቀለም የሚለቀው ከሥሩ ነው

ያገለገለ መኪና መግዛት የለመደ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በአዲስ ብርማ ቀለም ሲያብረቀርቅ ካገኘው ደስ አይለውም፤ ይጠራጠራል። ሻጩ አንድ ቆርቆሮ ስፕሬይ ገዝቶ፣ ዘይት ነው አቧራ ነው፣ ጎማ ነው ገመድ ነው ሳይል ከላይ እስከ ታች ረጭቶበት ይሆናል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆይ ዘይት በሚያዣው መጋጠሚያ ዙሪያ ያብጣል፣ ከዚያ በጥፍር ሲነኩት ቁርጥራጭ ሆኖ ይነሣል። የተነሣውን ቁራጭ ገልብጦ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። የላዩ አሁንም ያበራል፤ ጀርባው ግን ጥቁር ቅባት ወይም ቡናማ የዝገት ዱቄት ይዟል። ቀለሙ ራሱ ምንም አልሆነም። ብረቱን ነው ነክቶት የማያውቀው።

ብዙ ሰው ግን ጥፋቱን ሙቀት ላይ ይጥላል። «ሞተር ይግላል፣ ቀለም አይችለውም» ይባላል። ሙቀት ድርሻ የለውም አልልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሙቀት የሚያደርገው ቀድሞ የተበላሸውን ማጋለጥ ብቻ ነው። ሞተር ላይ ቀለም ይቆይ አይቆይ የሚወሰነው ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ሥራው ሲከፋፈል ማጠብ፣ መፈተግ፣ ማድረቅና መሸፈን ብዙውን ሰዓት ይወስዱና ለመርጨቱ የምትቀረው ትንሽ ናት። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰው የቱንም ያህል ውድ ቀለም ቢገዛ ያው ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ሞተርን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ አንድ ቀለም መፈለግ ነው። ይህ ለምን እንደማያዋጣ ለማየት ከቮልስ የተሻለ ምሳሌ የለም። ቮልስ፣ ማለትም ቮልስዋገን ቢትል፣ ለአዲስ አበባ መንገድ እንግዳ አይደለም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በእሱ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ የመጨረሻው በ2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጣ። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚገፋው አየርና በሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ብሎኩ የማግኒዝየም ድብልቅ ነው፣ ሲሊንደሮቹ ጊዛ (ካስት አይረን) ናቸው፣ ቴስታታዎቹ (የሲሊንደር ክዳኖቹ) አልሙኒየም፣ አየሩን እየመሩ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚያሳልፉት ሽፋኖች ደግሞ ላሜራ። አራት ዓይነት ብረታ ብረት በአንድ ትንሽ ሞተር ላይ ማለት ነው።

ሙቀታቸውም አንድ አይደለም። የማራገቢያው ሽፋን ብዙ ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይዘልም። ብሎኩ የዘይቱን ሙቀት ይከተላል፤ ዘይቱ ጤናማ ሲሆን ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ባለው ይመላለሳል። ቴስታታው ካንዴላው አጠገብ 150ን አልፎ ወደ 200 ይጠጋል፤ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ሲወጣ ከዚያም ያልፋል። ከቴስታታው የሚወጣው የጭስ ቧንቧ በብዙ መቶ ዲግሪ ይለካል። እንግዲህ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይህን ሁሉ ይዳኝ ማለት ነው። አይችልም።

ከመጋል ይልቅ ቀለምን የሚፈትነው መዘርጋትና መሰብሰብ ነው። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አልሙኒየም ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 120 ሲደርስ 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ጊዛ በዚያው ልክ ቢሞቅ ግማሹን ያህል ብቻ ነው የሚረዝመው፤ ማግኒዝየም ከአልሙኒየምም ይበልጣል። መኪናው ጠዋት በተነሣ ቁጥር ብረቱ ይለጠጣል፣ ማታ ሲቆም ይሸመቀቃል። ቀለሙ ከብረቱ ጋር አብሮ ካልሄደ መጀመሪያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያወጣል፤ በስንጥቁ እርጥበት ይገባል፤ እርጥበቱ ከሥር ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ወፍራም ቀለም ከስስ ይልቅ ቶሎ የሚሰነጠቀውም ከዚሁ የተነሣ ነው። «ደግመህ ደራርብበት፣ ይጠነክራል» የሚለው የጋራዥ ምክር ሞተር ላይ አይሠራም።

ቀለም በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ የሚያጣብቀው ሙጫና መልክ የሚሰጠው ዱቄት። ለበርና ለመስኮት የሚቀባው ተራ ሲንቴቲክ ቀለም ሙጫው በካርቦን ሰንሰለት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሙቀቱ 100ን አልፎ ሲቆይበት ቢጫ እያለ፣ እየደረቀና እየተሰባበረ ይሄዳል። ለሞተር ተብሎ የሚሸጠው ኢናሜል የተሻሻለ ወንድሙ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ 150 ወይም 200፣ አንዳንዴም 260 ዲግሪ ተጽፎ ይገኛል። ለጭስ ቧንቧ የሚሠራው ግን ሌላ ዘር ነው። ሙጫው ሲሊኮን ነው፤ አጥንቱ ሲሊከንና ኦክሲጅን ተፈራርቀው የተያያዙበት፣ ከካርቦን ትስስር ይልቅ ሙቀት የሚቋቋም ነው። 600 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ የሚነበበው እንዲህ ባለው ቆርቆሮ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፦ ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር ቀለሙ ለአጭር ጊዜ የሚችለውን ነው የሚናገረው። ቀን ሙሉ የሚችለው ጀርባው ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል።

ዱቄቱም የራሱ ጠባይ አለው። ቢጫው የብረት ኦክሳይድ በውስጡ ውሃ የያዘ ማዕድን ነው፤ 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውሃውን ይለቅና ወደ ቀይ ይለወጣል። ሸክላ ሠሪዎች ቢጫ አፈር ከእሳት ቀይ ሆኖ ሲወጣ የሚያዩት ይኸው ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን ቢጫ የቀባ ሰው ከወር በኋላ ሸክላ ቢያገኝ ሻጩ አላታለለውም። ጥላሸት ያለበት ተራ ጥቁርም ከፍተኛ ሙቀት ላይ ይቃጠላል፣ ይገረጣል፤ ለማርሚታ (ለጭስ ድምፅ ማፈኛው) የሚሆነው ጥቁር ከብረትና ከማንጋኒዝ ኦክሳይዶች የሚሠራው ነው። ከሁሉ የሚጸናው የአልሙኒየም ብናኝ ያለበት ብርማው ነው። የጭስ ቧንቧ ቀለም ብር ወይም ጥቁር ወይም ግራጫ እንጂ ሌላ ብዙ ምርጫ የሌለው በዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እጥበቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ጋራዦቻችን ውስጥ የሞተር ዕቃ በናፍጣ ይታጠባል። ናፍጣ የረጋውን ጥቁር ዝቃጭ ለማሟሟት ጥሩ ነው፤ ግን ናፍጣም ዘይት ነው። ሲደርቅ ዓይን የማያየው ስስ ቅባት ትቶ ይሄዳል፤ ያ ቅባት ደግሞ ለቀለም ከጥቁሩ ዝቃጭ አይሻልም፣ እንዲያውም ስለማይታይ ይብሳል። ቤንዚን የሚጠቀሙም አሉ፤ እሱ ትነቱ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ካለ ምድጃ እሳት ስለሚያመጣ የእጥበት ዝርዝር ውስጥ ባይገባ ነው የምመርጠው።

አንድ አንጋፋ የቮልስ መካኒክ ለተለማማጁ ይህን ሲያስረዳ ያየሁት ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ልጁ የማራገቢያውን ሽፋን በናፍጣ አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ለቀለም አዘጋጅቶ አቆመው። «ጋሼ፣ ጨርሻለሁ» አለ። ሰውየው ሳይመልስለት ከጀሪካን አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ቀድቶ ከላሜራው አናት ላይ በዝግታ አንቆረቆረው። ውሃው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ተበታተነ። መካከል ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ውሃው ዙሪያውን እየሸሸው ደረቅ ሆኖ ቀረ።

«እዚህ ጋ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ። በደንብ ነው ያጠብኩት።»

«ውሃው ግን አለ እያለህ ነው። በል በሙቅ ውሃና በኦሞ ድገመው።»

ልጁ ደገመው። በብሩሽ ከነማዕዘኑ ፈትጎ፣ አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቆ ሲመለስ ሰውየው እንደገና ውሃ አፈሰሰበት። በዚህኛው ጊዜ ውሃው ሳይቆራረጥ እንደ አንድ ስስ ሽፋን ሆኖ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ንጹሕ ብረት ውሃን ይስባል፤ ዘይት የነካው ይገፋዋል። ለዚህ ፈተና የሚያስፈልገው ኩባያ ውሃ ብቻ ነው፤ ውጤቱንም መከራከር አይቻልም። ከባባድ ፋብሪካዎችም ከቀለም በፊት ብረትን በዚሁ መንገድ ይፈትናሉ።

ብረቱ የውሃውን ፈተና ካለፈ በኋላ ወዲያው መድረቅ አለበት፤ ራቁት ላሜራ ከታጠበ በደቂቃዎች ውስጥ ብርቱካንማ ዝገት ያወጣል። ኮምፕሬሰር ይረዳል፣ ፀሐይም ይረዳል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጣት ወዝ ራሱ ቅባት ነው። የመጨረሻው ጽዳት በአሴቶን ወይም በጥሩ ቲነር ሲሆን ሁለት ጨርቅ ይፈልጋል፦ በአንዱ ማርጠብ፣ ፈሳሹ ሳይተን በሌላው ደረቅ ጨርቅ ማንሣት። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚወለውል ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዘዋውራል እንጂ አያነሣውም።

ጊዛ ትንሽ ያስቸግራል። በውስጡ የግራፋይት ቅንጣቶችና ደቃቅ ቀዳዳዎች ስላሉ ዓመታት ሙሉ ዘይት ሲጠጣ ኖሯል፤ ላዩ ቢታጠብም ከውስጥ ቀስ እያለ ያልበዋል። መፍትሔው ማሞቅ ነው። ሲሊንደሩን ከመቶ ዲግሪ በላይ አሙቁት፣ ላዩ ላይ የወጣውን ወዝ ጥረጉ፣ እንደገና አሙቁት። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይደጋገማል። በዚህ ጊዜ ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ በአጠገቡ አይኑር፤ ሲሞቅ ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል።

አንድ ሌላ የተደበቀ ጠላት አለ፤ የዳሽቦርድና የጎማ ማብረቂያ። አብዛኛው የሲሊኮን ዘይት አለበት። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ማብረቂያ ሲረጭ ብናኙ አየር ላይ ተንሳፍፎ ለቀለም በተዘጋጀው ብረት ላይ ያርፋል፤ ቀለሙ ሲረጭ ከዚያ ቦታ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቀዳዳ ይሠራል። ሙጫ ሆኖ ሙቀትን የሚችለው ሲሊኮን ዘይት ሆኖ ከሥር ሲገባ ቀለምን ያባርራል፤ ስም ነው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም።

ከቅባት ቀጥሎ ዝገት ነው፤ ቅደም ተከተሉም አይለወጥ። ዘይት ያለበትን ብረት በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትግ ሰው ዘይቱን በጭረቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ዝገት ላይ የሽቦ ብሩሽ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ ላዩን ይወለውለውና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቡናማ ያደርገዋል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ግን በቦታው ይቀራል። በ80 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 ወይም በ220 ይጨረስ፤ ጭረቱ ለቀለሙ መያዣ ስለሆነ እንደ መስታወት ማለስለስ አያስፈልግም። ጉድጓዱ ውስጥ ለቀረው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ይረዳል፤ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ነገር ግን ትርፉ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ራሱ ቀለሙን ያስለቅቃል።

ቮልስ ላይ ደግሞ ኬሚካል ከመምረጥ በፊት ዕቃው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ግድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ለላሜራና ለጊዛ ጥሩ አጣቢ ነው፤ አልሙኒየምን ግን ሃይድሮጅን እያስወጣ ይበላዋል፣ ቴስታታ አንድ ሌሊት ቢያድርበት ዕቃ አይሆንም። ማግኒዝየም የተገላቢጦሽ ነው፤ ኮስቲኩን ይታገሣል፣ አሲዱ ግን ይጨርሰዋል። ማግኒዝየም በፍላሽ ሲሞረድ ብናኙ እሳት ሊይዝ ይችላል፤ ከተያያዘ ደግሞ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ብሎኩን በእጅ ብቻ ማጽዳት።

በአሸዋ ንፋት ማጽዳት ፈጣን ነው፤ ለተፈታ ላሜራ እቀበለዋለሁ። ዘይት የሚያልፍበትን ዕቃ ግን፣ በተለይ የዘይት ማቀዝቀዣውን፣ በአሸዋ የሚያስነፋ ሰው ሞተሩን እየቀበረ ነው። ውስጥ የገባ አሸዋ ምን ያህል ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ አንድ ቀን ከዘይቱ ጋር ተነሥቶ ኩሽኔታውን ይፈጨዋል። ለነፊውም የሲሊካ አሸዋ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ ለዚህ መከላከያ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የትኛው ዕቃ ምን ይቀባል ወደሚለው እንምጣ። የእኔን አስተያየት ለሚጠይቀኝ፣ ብሎኩንና ቴስታታዎቹን አትቀቧቸው ነው የምለው። ፋብሪካውም ራቁታቸውን ነው ያወጣቸው። አልሙኒየም ተፍቆ እንዳለቀ አየር ሲነካው ወዲያው ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል፤ እሱ ራሱ መከላከያው ነው፣ ተራ ኢናሜል ግን ላዩ ላይ በደንብ አይዝም። መቀባት የግድ ከሆነ ለአልሙኒየም የተሠራ ፕራይመር ያስፈልጋል። የሚያምር ንጹሕ አልሙኒየም እያለ ለምን ይህን ሁሉ ድካም!

ላሜራዎቹ ዋናው ሥራ ናቸው። በኤፖክሲ ፕራይመር ላይ የሞተር ኢናሜል ጥሩ ጥምረት ነው፤ ሙቀታቸው ኤፖክሲው የሚችለው ነውና። ለበር የሚሸጠው ቀይ አንቲረስት እዚህ ላይ ቢያገለግልም ሲሊንደርና ማርሚታ ላይ ፈጽሞ አይግባ። የሲሊኮን ቀለም ብዙ ጊዜ በራቁት ብረት ላይ ወይም በራሱ ፕራይመር ላይ ነው የሚቀባው፤ ከሥሩ ተራ አንቲረስት ካለ አንቲረስቱ መጀመሪያ ይቃጠልና ላዩ ያለው ደህናው ቀለም መቆሚያ ያጣል። ስቱኮም እንዲሁ። የላሜራ ሥራ የለመደ ባለሙያ የተጎዳ ነገር ሲያይ እጁ ወደ ስቱኮ ይሄዳል፤ በር ላይ ልክ ነው፣ የሞተር ሽፋን ላይ ግን ሙቀትና ንዝረት ቁራጩን ፈንቅለው ማራገቢያው ውስጥ ይጥሉታል። የተጎዳውን በመዶሻ ማቃናት፣ ወይም እንዳለ መተው ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ ላሜራ የሚያሳምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሥር የሚገቡትን ትንንሽ የአየር መምሪያዎች «አይታዩም» ብለው ጥለው ሲገጥሙ ይታያሉ። ቮልስ የሚቀዘቅዘው በእነሱ ነው። ካለው ሞተር ላይ የጎደለ ካለ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሄዶ መፈለግ ከቀለሙ ይቀድማል።

ለሲሊንደሮቹ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቀለም፣ እሱም በጣም ስስ። ጥቁር ቀለም ሙቀት ያወጣል የሚባለው እውነት አለው፤ ጥቁር ገጽ ከሚያብረቀርቅ ገጽ የበለጠ ሙቀት በጨረር ይለቃል። ማራገቢያ ባለው ሞተር ላይ ግን አብዛኛውን ሙቀት የሚወስደው አየሩ ስለሆነ ትርፉ ትንሽ ነው። የቀለም ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ከጊዛ ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ቢሆንም ስስ ሽፋን ብዙም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ወፍራም ቀለም በስስ የብረት ክንፎቹ መካከል ተጋግሮ የአየሩን መንገድ ሲያጠብ ነው። ከክንፎቹ ሥር የተጠራቀመ ቀለም ካያችሁ አልተቀባም፣ ተደፍኗል።

አረጫጨቱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። አንድ ንብርብር ሲደርቅ ሃያ አምስት ማይክሮን ገደማ ቢሆን በቂ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ሰባ ያህል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ንብርብር ይበቃል። ከዕቃው ሃያ እስከ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ እጅ ከዕቃው ውጭ ጀምሮ ከዕቃው ውጭ ያቁም። በንብርብሮች መካከል ያለው ሰዓት ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነው። በተለይ ኢናሜል መሐል ላይ ሲያዝ ይቀየማል፤ «በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ» ከተባለ በአምስተኛው ሰዓት የሚረጭ ሰው የሥሩን ግማሽ ደረቅ ቀለም በአዲሱ ቲነር ያሳብጠውና ተጨማድዶ ይነሣበታል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለሁለት ቆርቆሮ ቀለም ደግሞ አይሶሳይኔት ስላለበት ለሳንባ አደገኛ ነው። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚሰጥ ጭንብል ለሌለው ሰው አልመክርም።

የአየሩ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የሚቀባ ሰው ቀለሙ ሲፈዝና ነጭ ጉም ሲለብስ ይገረማል። ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፤ በቀዘቀዘው ላይ ከአየሩ እርጥበት ጤዛ ይወርዳል፤ ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል። የሙያው ደንብ ብረቱ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ ሦስት ዲግሪ ይብለጥ የሚል ነው። መለኪያ ለሌለው፣ ብረቱ ሲነኩት ከቀዘቀዘ ይቆይ። ኅዳርና ታኅሣሥ አየሩ ደረቅ ቢሆንም ጠዋት ላሜራው ቁር ይዞት ያድራል፤ ፀሐይ ነክቶት ለብ እስኪል፣ ረፋድ ላይ ነው ጥሩው ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አቧራው ይመጣል።

የማይቀባውን መሸፈን እንደ መቀባቱ ነው። ጋስኬት የሚያርፍበት ገጽ፣ የብሎን ጥርስ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ቀለም አይንካቸው። ለካንዴላ ቀዳዳ አሮጌ ካንዴላ ማሰር ከየትኛውም ፕላስተር ይሻላል። ብሎንና ዳዶ የሚያርፉበትን ቦታም ባዶ ተዉት፤ ከሥራቸው ያለው ቀለም ሲሞቅ ተጨፍልቆ ይሳሳል፣ የተሳሳውን ያህል ማሰሪያው ይላላል። ሞተር «ያለ ምክንያት» የሚንጫጫው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ለማርሚታና ለጭስ ቧንቧ የተቀባው የሲሊኮን ቀለም በአየር ብቻ አይጠናም። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል እንጂ ቤንዚን ቢንጠባጠብበት ይለቃል። እንደ አዲስ ጀበና መሟሸት አለበት። አብዛኛው ቆርቆሮ የሚያዘው ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ ከ120 ዲግሪ ገደማ፣ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ወደ 200፣ ማቀዝቀዝ፣ በመጨረሻ 300ን አለፍ የሚል ሙቀት፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል። የወጥ ቤት ኦቨን ለዚህ አይሁን፤ ጭሱ ከምግብ ጋር አይስማማም። መኪናው ላይ ገጥሞ ማሟሸት ይቻላል፦ ሞተሩን አስነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት፣ ማጥፋት፣ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ እንደገና ትንሽ አርዝሞ ማሠራት፣ በሦስተኛው መንዳት። ቮልስ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ቆሞ ለረዥም ጊዜ ማሠራቱ ለሞተሩም ጥሩ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጭስና ሽታ ቢኖር አያስደነግጥ፤ ሙጫው እየተሳሰረ ነው። ገና ቀብቶ ወዲያው ዳገት የሚያስወጣው ግን ቀለሙን አረፋ ያስወጣዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማርሚታ ላይ የሚጠበቀው መጠነኛ ይሁን። የቮልስ ማርሚታ ከኋላ ተጋድሞ የጎማውን ጭቃና ውሃ ይቀበላል፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ይመታል። ከዚያ የሚከፋው ውስጡ ነው። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ማርሚታው በደንብ ሳይግል ስለሚቆም ከጭሱ የወጣው ውሃ ከአሲድ ጋር ውስጡ ይጠራቀማል፤ ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ውጩ ላይ ያለ ቀለም ይህን አይከለክልም። በመዶሻ እጀታ መታ ሲያደርጉት ድምፁ የታፈነ ከሆነ፣ ወይም የለሰለሰ ቦታ ካለ፣ ለቀለም የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ማርሚታ ይዋል።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትሮች የቁጥጥር ጊዜ ናቸው። ሲቀዘቅዝ የሽፋኖቹን ብሎኖች እንደገና ማጥበቅ። የፍሬን ዘይት ከነካው ወዲያው በውሃ ማጠብ፤ የፍሬን ዘይት ኢናሜልን በሰዓታት ውስጥ ያላስለዋል። አዲስ ቀለም ላይ የወጣ ዘይት ቶሎ ይታያል፤ ቮልስ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ከሲሊንደሮቹ በታች በፑሽሮድ ቱቦዎቹ ጫፍ ነው። እዚያ እርጥብ ከታየ ቀለሙን ለመጠገን ከመቸኮል በፊት የቱቦዎቹን ማሸጊያ ጎማ መቀየር ነው፤ የሚያዣው ዘይት በጋለ ብረት ላይ ከተቃጠለ በኋላ ያንን ቦታ ለማጽዳት ሽፋኖቹን እንደገና ማውረድ ሊያስፈልግ ይችላል።